አባ ፊት ስልኬ ተናገረ፤ ልሽጠው ወይስ ላቆየው?

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ሲንጀሬ ሳሎን መስኮቱ ሥር ነው ያለው፤ ደንበኞቼም እዚያው ድረስ ይመጣሉ። ባለፈው ዓመት ወንድሜ ከአዲስ አበባ ሳምሰንግ ስልክ ላከልኝ። ‹ሄይ ጉግል› ሲሏት የምትመልሰውን ሴትዮ የከፈተልኝ ልጄ ነው። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ከሷ ጋር እንግሊዝኛ ሲለማመድ ይውላል።

ቅዳሜ ዕለት የንስሐ አባታችን መጡ። ቡና ተጠጣ። ከዚያ ሌላው ሰው ወጣ አለልንና የሆዴን እያወጣሁላቸው ሳለ ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ቦግ ብሎ በራ። በእንግሊዝኛ ‹ይቅርታ፣ አልገባኝም› አለች። አባ አማተቡ። አማቴ ‹በስመ አብ!› እያለች ከጓዳ ሮጣ መጣች። እኔማ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሰላም የለውም። ባለቤቴ ‹ሰላይ ነው፣ ሽጪው› ይላል። ባለፈው ወር ስለ ፍሪጅ አውርተን በማግሥቱ ፌስቡክ ላይ የፍሪጅ ማስታወቂያ መጥቶብን ነበር፤ እሱን እያነሣ ነው የሚሞግተኝ። ወንድሜ ደግሞ ይስቅብኛል፤ ‹ያንቺን ወሬ ማን ይሰማዋል?› ይለኛል። እናቴ ዘጌ ናት። ዓይኗ ደክሟል፣ ማንበብም አትችልም። ለሷም እንዲህ ዓይነት ስልክ ልገዛላት አስቤ ነበር፤ አሁን ፈራሁ። እውነት ይሰማናል? ያወራሁትስ የት ሄደ?

ግራ የገባት፣ ከሽምብጥ»

እህቴ፣ ይቅር በይኝ፤ «አባ አማተቡ» የሚለው ጋ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝ። ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነበው ግን ነገሩ ለሳቅ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ሰው በገዛ ቤቱ፣ ያውም ለንስሐ አባቱ የሆዱን ሲያወጣ «ሌላ ሰሚ ነበረ እንዴ?» ብሎ መጠርጠሩ ያማል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ነው የምመልስልሽ፤ ቡናሽን ይዘሽ ቁጭ በይ።

ፍርዴን ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ስልኩን አትሽጪው። ሴትዮዋ ግን ቀኑን ሙሉ ጆሮዋን አቁማ እንድትጠብቅሽ አትፍቀጂላት። ስትፈልጊያት በጣትሽ ተጭነሽ ጥሪያት፤ ካልፈለግሻት ዝም ትበል። እኛ በአማርኛ የምንኖር ሰዎች ሁልጊዜ ከሚያዳምጥ ስልክ የምናገኘው ጥቅም ኢምንት ነው። የምንሰጠው ግን ከማንም አያንስም።

ቅዳሜ ምን ሆነ መሰለሽ። «ሄይ ጉግል» የሚባለው ነገር ሲከፈት ስልኩ ውስጥ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ማይክሮፎኑን ይዞ ይጠብቃል። የሚጠብቀው ያቺን መጥሪያ ብቻ ነው። የሰማውን ጥቂት ሴኮንድ ይይዛል፣ መጥሪያዋን ካላገኘባት ይጥላታል፣ ሌላ ይይዛል፣ ይጥላል። ይሄ ሁሉ የሚሆነው እዚያው ስልኩ ውስጥ ነው፤ በኢንተርኔት የሚወጣ ነገር የለም። መጥሪያዋን የሰማ ሲመስለው ነው ስክሪኑ የሚበራው፤ ከዚያ ወዲያ የተነገረው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጉግል ሰርቨር (ሩቅ ወዳለው የኩባንያው ኮምፒዩተር) ይሄዳል፣ መልሱም ከዚያ ነው የሚመጣው።

እና ማንም ሳይጠራት ለምን ተነሣች? ፕሮግራሙ የሰው ወሬ አይገባውም፤ ድምፅ ከድምፅ ነው የሚያመሳስለው። ሬዲዮ ሊያሳስተው ይችላል፣ ከጎረቤት የሚሰማ ቴሌቪዥን ሊያሳስተው ይችላል፣ ፈጠን ተብሎ የተነገረ አማርኛም እንደዚያው። ሌላም መጠርጠር ያለብሽ ነገር አለ። በብዙ ሳምሰንግ ስልኮች የጎኑ ቁልፍ ረዘም ተደርጎ ከተጫነ እሷው ወይም ቢክስቢ የምትባለው ሌላዋ ትነሣለች። ስልክሽ ጠረጴዛው ላይ ከጨርቅና ከመቀስ ጋር ተደራርቦ ከነበረ ምናልባት የቀሰቀሳት ድምፅም ላይሆን ይችላል።

እንግዲህ ዋናው ጭንቀትሽ፣ ያወራሽው የት ሄደ የሚለው ነው። ስክሪኑ ከመብራቱ ቀደም ብሎ ለአባ ስትነግሪያቸው የቆየሽው የትም አልሄደም። ሄደ ከተባለም የሄደው ቦግ ካለበት እስከ «አልገባኝም» ድረስ ያለችው ቁራጭ ናት፤ ከመብራቱ ቀደም ያሉ ጥቂት ሴኮንዶችም ሊጨመሩባት ይችላሉ። እኔን ማመን የለብሽም፤ ራስሽ እዪው። የጉግል አካውንትሽን ክፈቺና «ማይ አክቲቪቲ» የሚለው ገጽ ግቢ። ከሴትዮዋ ጋር የተደረገው በቀንና በሰዓት ተዘርዝሮ ታገኚዋለሽ። ቅዳሜን ፈልጊ። ድምፁ ተቀምጦ ከሆነ ማጫወቻ ምልክት አለው፤ ተጭነሽ ስሚው፣ ከዚያ አጥፊው። ጉግል ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለቤቱ ካልፈቀደ በቀር የድምፅ ቅጂ ማስቀመጡን አቁሟል። ልጅሽ ስልኩን ሲያስተካክል «ዬስ» እያለ ከተጫነ ግን ፈቅደሽለት ሊሆን ስለሚችል ማረጋገጡ አይከፋም።

አሁን ወደ ወንድምሽ ልምጣ፤ «ያንቺን ወሬ ማን ይሰማዋል?» ላለው። ልጁ አዋቂ ነው እንበል፣ እዚህ ላይ ግን ተሳስቷል። ሰው ሰምቷል። በ2019 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ወር ቪአርቲ የተባለው የቤልጂየም ማሰራጫ ከጉግል አሲስታንት (ሴትዮሽ ማለት ናት) የወጡ ከአንድ ሺህ በላይ የድምፅ ቁርጥራጮች እጁ ገቡ። ድምፁን ያዳምጡ የነበሩት ጉግል በኮንትራት ያሠራቸው ሰዎች ናቸው፤ ሥራቸው ማሽኑ በትክክል ሰምቶ እንደሆነ እያዳመጡ ማረም ነበር። ከነዚያ ውስጥ 153ቱ ማንም «ኦኬ ጉግል» ሳይል የተቀዱ ናቸው። የመኝታ ቤት ወሬ አለበት፣ የወላጅና የልጅ ንግግር አለበት፣ የሥራ ስልክ አለበት። ስም ባይለጠፍባቸውም ሰዎቹ ራሳቸው አድራሻቸውን ሲናገሩ ስለሚሰማ ጋዜጠኞቹ አንዳንዶቹን ፈልገው አግኝተዋቸዋል። ጉግል ሰው የሚያዳምጠው ከመቶ 0.2 ያህሉን ብቻ ነው ብሎ መለሰ። ከመቶ ሲሰላ ትንሽ ነው፤ ያ ትንሽ ያንቺ ሳሎን ከሆነ ግን ሙሉ ነው።

በዚያው ወር የእንግሊዙ ዘ ጋርዲያን የአፕልን ሲሪ፣ የአይፎኗን ሴትዮ፣ ጉድ አወጣ። እዚያም የኮንትራት ሠራተኞች የሰዎችን የሕክምና ወሬና የባልና ሚስት ገመና ሳይቀር ይሰሙ ነበር። ስለ ጉዳዩ የተናገረው ሠራተኛ ሲሪን በስህተት ከሚቀሰቅሷት ድምፆች አንዱን ምን ቢል ጥሩ ነው፦ ዚፕ ሲከፈትና ሲዘጋ። አንቺ ልብስ ሰፊ ነሽ እህቴ! ስልክሽ አይፎን ባይሆንም ይቺን ሳነብ አንቺን ነው ያሰብኩት። አፕል ይቅርታ ጠየቀ፤ ሰው እንዲያዳምጠው የሚደረገውም ባለቤቱ ፈቅዶ ሲመርጥ ብቻ እንዲሆን አደረገ። በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይም ያለፈቃድ ተቀድተናል ብለው ለከሰሱት ተጠቃሚዎች 95 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል መስማማቱ ተሰማ፤ ጥፋተኛ ነኝ ግን አላለም።

አሁን ደግሞ ጉግል አሲስታንትን ቀስ በቀስ በጀሚናይ እየተካ ነው። ያንቺም ስልክ ቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ አዲሲቷ የበለጠ ትራቀቃለች፣ የበለጠም ታስወራለች። ከሷ ጋር ከሚደረጉ ንግግሮች የተወሰኑት በሰው ይታያሉ፤ የታዩት እስከ ሦስት ዓመት ሊቀመጡ ይችላሉ፣ አንቺ ከገጽሽ ላይ ብታጠፊያቸውም። ይሄንን እኔ አይደለሁም የምልሽ፤ ጉግል ራሱ ጽፎታል፤ ሌላ ሰው እንዲያየው የማትፈልጉትን ምስጢር እዚህ አታስገቡ ብሎም ይመክራል። ሰው ግን ምክሩን ሳያነብ «እስማማለሁ» ይላል። እኛ አገርም በ2016 ዓ.ም. የወጣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 1321 ነው። መኖሩ ጥሩ ነው፤ ስልክሽን ከሴቲንግ ገብቶ የሚያስተካክልልሽ ግን አዋጁ አይደለም።

ባለቤትሽ ፍሪጁን ይዞ መሞገቱ አይገርመኝም። ባሕር ዳር ውስጥ እንዲህ የማይል ሰው የለም፤ ባጃጅ ውስጥም፣ ፔዳ ካፌም፣ ሠርግ ቤትም «ትላንት አወራን፣ ዛሬ ማስታወቂያው መጣ» ነው። እስኪ ልጠይቅሽ፦ ስለ ፍሪጅ ያወራችሁት ከሰማይ ወርዶ ነው? ወይስ ከሁለት አንዳችሁ ዋጋ ጠይቃችሁ፣ ቴሌግራም ላይ የዕቃ ቻናል ከፍታችሁ፣ ጎረቤት የገዛችውን አይታችሁ ነው? ፌስቡክ ስልክሽ የት እንደሚውል፣ ምን እንደምትከፍቺ፣ ምን ላይ ቆም ብለሽ እንደምታዪ፣ ከማን ጋር እንደምትጻጻፊ ያውቃል። ባልሽ በሱ ስልክ ፈልጎት ላንቺ ሊመጣ ይችላል። ድምፅሽን መቅዳት አያስፈልገውም፤ ያለሱም ይደርስብሻል፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይሄ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ17,000 በላይ የአንድሮይድ አፖችን መርምረው ነበር። በድብቅ ማይክሮፎን ከፍቶ ድምፅ የሚልክ አላገኙም። ያገኙት ሌላ ነው፤ አንዳንዶቹ አፖች ሰውየው ስክሪኑ ላይ የሚያደርገውን እየቀረጹ ለሌላ ኩባንያ ይልኩ ነበር። ባልሽ ሰላይ ይፈልግ ከነበረ ጆሮ ጋ ሳይሆን ዓይን ጋ ነበር ማለት ነው።

እስካሁን የምሰጠውን ብቻ ነገርሽኝ፣ የማገኘውስ ትይ ይሆናል። እውነቱን ለመናገር «ሄይ ጉግል» ለኛ ብዙም አይደለችም። አሲስታንት አማርኛ አታውቅም። ሲሪም አታውቅም። ለዚህ ነው አባ ፊት «አልገባኝም» ያለችው፤ ቢገባት ነበር የሚገርመው። ከሲንጀርሽ ሳትነሺ «ለእገሌ ደውይ» ልትያት ብትፈልጊ በእንግሊዝኛ ማለት አለብሽ፤ ስሙም በኛ ፊደል ተጽፎ ከሆነ ስትደናበር ትውላለች። ማንቂያ ሙዪልኝ፣ ሰዓት ቁጠሪ፣ መብራት አብሪ፤ እዚህ ላይ ጎበዝ ናት፣ በተለይ መብራት ድንገት ሲጠፋና እጅሽ ሥራ ላይ ሲሆን። ግን ለዚህ ለዚህ በጣትም ይሆናል።

የሚጠቅምሽ ሌላኛው ነው፤ እሱን ነው ሰው የማያወራለት። ኪቦርዱ ላይ ያለችውን ትንሽ የማይክሮፎን ምልክት አይተሻታል? በ2017 እ.ኤ.አ. ጉግል አማርኛን በድምፅ ከሚጻፍባቸው ቋንቋዎች ጋር ጨመረ። አማርኛን ያስተማሩት የኛው ሰዎች ናቸው፤ የተለመዱ አረፍተ ነገሮችን እያነበቡ ድምፃቸውን ሰጥተው ነው። ስለዚህ ድምፅ መስጠት ሁሉ ክፉ አይደለም፤ ፈቅደው የሰጡና ሳያውቁ የተወሰደባቸው ግን ይለያያሉ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጂቦርድ የሚባለውን ኪቦርድ ትጭኛለሽ፣ ቋንቋው ላይ አማርኛ ትጨምሪያለሽ፣ መጻፊያው ላይ ሆነሽ ማይኩን ተጭነሽ ትናገሪያለሽ። ላንቺ ስል ጣና ዳር አንድ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ሞከርኩት። ስፒከሩ ይጮሃል፣ የጀልባ ሞተር ይነሣል፣ ጎኔ ያሉት ልጆች ይሳሳቃሉ፤ የጻፈልኝ ነገር የማንም አማርኛ አይደለም። ወደ ዳር ፈቀቅ ብዬ ዛፍ ሥር ቆሜ፣ ስልኩን ወደ አፌ አስጠግቼ፣ እንደ ደንበኛ ትእዛዝ አድርጌ ነገርኩት፦ «ደረት ዘጠና ስድስት፣ ወገብ ሰባ ስምንት፣ ጥለቱ አረንጓዴ ይሁን፣ ጥልፉ ይብዛ።» ልኩን በትክክል ጻፈ፣ ጥለቱንም አገኘው፤ መጨረሻ ላይ ግን «ትርፉ ይብዛ» ብሎ አረፈው። አሜን ብዬ አለፍኩት።

ላንቺ ሥራ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሜትርሽ አንገትሽ ላይ፣ ጠመኔው በእጅሽ፣ ደንበኛዋ ቆማ፤ እየለካሽ ትናገሪያለሽ፣ ኖት ላይ ይጻፋል። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ቁጥሩን በዓይንሽ ሳታረጋግጪ ጨርቅ አትቁረጪ። ኢንተርኔት ሲጠፋም አትመኪበት፤ ደብተርሽን አትጣይው። ይሄም ቢሆን ድምፅሽ ወደ ሰርቨር ሊሄድ ይችላል፤ ልዩነቱ አንቺ ስትጫኚ ይጀምራል፣ ደግመሽ ስትጫኚ ወይም ዝም ስትይ ያቆማል። የወገብ ልክ ይሂድ፣ ምን ችግር አለው? የደንበኛዋን ሙሉ ስምና የትዳሯን ወሬ ግን አብረሽ አታስጽፊ። ልብስ ሰፊ ዘንድ ስንት ነገር እንደሚወራ አንቺ ታውቂያለሽ።

በነገራችን ላይ ደንበኞችሽ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ይልኩልሽ የለም? ስለ ሴትዮዋ የተጨነቅሽውን ያህል ስለዚያ ተጨንቀሽ አታውቂም ብዬ እገምታለሁ። የቴሌግራም ተራ ቻት ሰርቨራቸው ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚቆለፈው (ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳይሰማው) «ሲክሬት ቻት» የሚባለው ብቻ ነው። ዋትስአፕ በራሱ ይቆልፈዋል። ከሁሉ የሚብሰው ግን የተላከልሽን ድምፅ ለሌላ ሰው «ስሚልኝማ» ብሎ ማስተላለፍ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ጉግልም አፕልም አያስፈልጉንም፣ እኛው እንበቃለን።

ወደ ስልክሽ ልመለስ። የጉግልን አፕ ክፈቺ፣ ከላይ በቀኝ ያለችውን ፎቶሽን ንኪ፣ ሴቲንግስ፣ ከዚያ «ጉግል አሲስታንት» ውስጥ «ሄይ ጉግል ኤንድ ቮይስ ማች» የሚለውን ፈልገሽ አጥፊው። ጀሚናይ ከሆነችም በራሷ አፕ ሴቲንግ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር አለ። እዚያው አካባቢ ስክሪኑ ተቆልፎ ሳለ እንድትመልስ የሚፈቅደውንም ዝጊ። ይሄ ሁለተኛው እንዳያመልጥሽ። ድምፅሽን ብቻ ለይታ ትመልሳለች ቢሉሽም የሚመሳሰል ድምፅ ያለው ሰው ሊያታልላት ይችላል፤ ያንቺ ሳሎን ደግሞ የሚገባበትና የሚወጣበት ሰው ብዙ ነው። «ማይ አክቲቪቲ» ላይም የቆየው በየሦስት ወሩ በራሱ እንዲጠፋ ማዘዝ ይቻላል፤ አንዴ ካዘዝሽው ይረሳል።

ከዚያ የማይክሮፎን ፈቃድ የሰጠሻቸውን አፖች አንድ በአንድ እዪያቸው፤ ሴቲንግስ ውስጥ «ፐርሚሽን ማኔጀር» በሚለው። ለባትሪ መብራት አፕ ማይክሮፎን ምን ያደርግለታል? ንጠቂው። ስልክሽ አንድሮይድ 12 ወይም ከዚያ ወዲህ የወጣ ከሆነ ማይክ በተከፈተ ቁጥር ከላይ በቀኝ ጥግ አረንጓዴ ምልክት ይታያል። አይፎን ላይ ብርቱካናማ ነጥብ ናት። ቤት ውስጥ ጸጥ ብለሽ ሳለ ያቺ ምልክት ከበራች ማን እንደከፈተው ከላይ ወደ ታች ጎትተሽ መጠየቅ ትችያለሽ። ለአማትሽም አሳያት፤ «ሰላዩ» ሲነቃ መብራት እንደሚያበራ ካወቀች እንቅልፏ ይመለሳል።

ባለቤትሽ ሽጪው ባለው ላይ ግን በጣም ነው የምቃወመው። ሰላይ ነው ብሎ የፈራውን ስልክ ከነፎቶው፣ ከነቴሌግራሙ፣ ከነጉግል አካውንትሽ ለማያውቀው ሰው በገንዘብ ሊሰጥ ነው እኮ! ስልክ መሸጥ የግድ ከሆነ አንድ ቀን፣ መጀመሪያ ከጉግልና ከሳምሰንግ አካውንት ውጪ፣ የቴሌብርና የባንክ አፖችሽን ዝጊ፣ ሲምና ሚሞሪ ካርድ አውጪ፣ ከዚያ «ፋክተሪ ሪሴት» አድርጊ፤ ስልኩን እንደ አዲስ ባዶ የሚያደርገው ማለት ነው። «አጠፋልሻለሁ» ለሚል ሱቅ አትተዪው፤ ራስሽ አድርጊው።

የእናትሽ ነገር። እህቴ፣ መጀመሪያ ዓይኗን ሐኪም ይያት። ደከመ ያልሽው የዓይን ሞራ ከሆነ በኦፕሬሽን የሚገፈፍ ነገር ነው፤ ስልክ ከመግዛትሽ በፊት ከዘጌ ይዘሻት ነይ። ስልኩን ከገዛሽላትም ሴትዮዋን አትክፈቺላት፤ ለሷ ምንም አትፈይድላትም፤ እናትሽ አማርኛ፣ እሷ እንግሊዝኛ። ይልቅ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። የስልኩ የፊት ገጽ ላይ ያንቺንና የወንድምሽን ፎቶ ትልቅ ትልቅ አድርገሽ ማስቀመጥ ይቻላል፤ «ዳይሬክት ዳያል» ይሉታል። ፎቶሽን ስትነካው በቀጥታ ላንቺ ይደውላል። ፊደል አያስፈልግም፣ ስም መፈለግ አያስፈልግም። የቴሌግራምን ማይክ ተጭና መናገርንም በአንድ ከሰዓት ትለምደዋለች፤ የቡና ለቀማውን ወሬ በድምፅ ስትልክልሽ ታያለሽ።

እሷን የሚያሰጋት ሴትዮዋ አይደለችም፤ «ከባንክ ነው፣ ሽልማት ደርሶዎታል፣ የሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩን» ብሎ የሚደውለው ሰው ነው። የቴሌብር የሚስጥር ቁጥሯን ለማንም፣ ላንቺም ቢሆን በስልክ እንዳትናገር ንገሪያት። ድምፅ አስመስሎ መሥራት የሚችል ኮምፒዩተር ስላለ «እኔ ነኝ እማ፣ ገንዘብ ላኪልኝ» የሚል ያንቺን የሚመስል ድምፅ ቢመጣ እንኳ ዘግታ ፎቶሽን ነክታ መልሳ ትደውልልሽ።

አባን በሚመለከት፣ ቅሬታ የገባቸው አይመስለኝም፤ ደንግጠው ነው። የሆነውን በግልጽ ንገሪያቸው፤ ምናልባት ከጥቂት ሴኮንድ በቀር የነገርሻቸው ነገር እንዳልወጣ፣ ሴትዮዋንም እንደዘጋሻት። በሚቀጥለው ጊዜ ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ይሄንን የምለው ጉግልን ፈርቼ እንዳይመስልሽ፤ መሀል ላይ ደንበኛ ደውላ «ቀሚሴ ደረሰ ወይ?» ብትል ያው ነው።

የቀረን ልጁ ነው። እንግሊዝኛ መለማመዱን አትከልክይው፤ ከኛ አገር ልጅ ጋር ሳትሰለች የምታወራ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ከየት ይገኛል? ግን የልጅ ድምፅ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። አማዞን አሌክሳ በምትባለዋ በኩል የልጆችን የድምፅ ቅጂ ከሚገባው በላይ አስቀምጧል፣ ወላጅ አጥፉ ሲልም በአግባቡ አላጠፋም ተብሎ በ2023 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ 25 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማምቷል። ስለዚህ ልጅሽ ሙሉ ስሙን፣ ትምህርት ቤቱንና ሰፈሩን አይንገራት። ጉግል ወላጅ የልጁን አካውንት የሚቆጣጠርበት «ፋሚሊ ሊንክ» የሚባል አፕ አለው፤ ወንድምሽ ከመሳቅ ይልቅ እሱን ይክፈትለት።

ከሷ ጋር ከማውራት የሚሻለውን ደግሞ ልስጠው። የእንግሊዝኛ መጽሐፉን ይያዝ፣ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ይቀይር፣ ማይኩን ተጭኖ አንድ አንቀጽ ጮክ ብሎ ያንብብ። ስልኩ የሰማውን ይጽፋል። ከዚያ የተጻፈውን ከመጽሐፉ ጋር ያስተያየው፤ የተለያዩት ቃላት አንደበቱ ያልፈታቸው ናቸው፤ በእርሳስ ያስምርባቸውና ደግሞ ያንብባቸው።